የቢሮው ስልክ 907ን ያውቀዋል?

በአንድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ራሱን ስቶ ወደቀ እንበል። አጠገቡ የነበረች ሠራተኛ የጠረጴዛውን ስልክ አንስታ የቀይ መስቀል አምቡላንስን ቁጥር 907ን ደወለች። ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው «አምቡላንስ ጣቢያው ያነሳዋል» ይላል። ትክክለኛው መልስ ግን «የቢሮውን ስልክ የገጠመው ባለሙያ ምን ብሎ እንደ ጻፈው ነው» የሚለው ነው።

ብዙ የቢሮ ስልኮች «ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9ን ይጫኑ» በሚል ደንብ ይሠራሉ። እንዲህ ዓይነቱ ማዞሪያ 907 ሲደወልለት የመጀመሪያዋን 9 «ወደ ውጭ አውጣኝ» የሚል ጥያቄ አድርጎ ይቆጥራታል። ቆርጦ ይጥላታል፤ የተረፈውን 07 ብቻ ወደ ቴሌኮሙ ይልካል። 07 ብሎ ስልክ ቁጥር የለም። ሠራተኛዋ የምትሰማው ዝምታ ወይም «የደወሉት ቁጥር ትክክል አይደለም» የሚል ድምፅ ነው። ለእሳት አደጋ 939 ብትደውልም የሚወጣው 39 ነው። ለፖሊስ 991 ብትደውል 91 ይሆናል። ሦስቱም ቁጥሮች በ9 ስለሚጀምሩ፣ በ9 የሚያስወጣ ማዞሪያ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያመክናቸዋል።

ሠራተኛዋ ተረጋግታ ብታስብ 9907 መደወል እንዳለባት ትደርስበት ይሆናል። ሰው መሬት ላይ ወድቆ እያየ ግን ማን ነው የቢሮውን የስልክ ደንብ የሚያስታውስ? ለዚያውም ግድግዳው ላይ፣ በመታወቂያው ጀርባ፣ በጤና ጣቢያው ፖስተር ላይ የተጻፈው ቁጥር 907 ነው እንጂ 9907 አይደለም።

ይህ ጉዳይ ለቴክኒክ ሰዎች ብቻ የሚተው ይመስላል። አይደለም። የአንድ ድርጅት ስልክ ማንን ወደ ማን እንደሚያገናኝ፣ ማንን እንደሚከለክል፣ ማታ ማን እንዲሰማ እንደሚፈቅድ የሚወስነው ጽሑፍ የድርጅቱ ውሳኔ ነው። ዛሬ ያ ጽሑፍ በብዙ ቦታ የሚጻፈው ማንም በነፃ ሊያወርደው በሚችል ሶፍትዌር ላይ ነው። ስለዚህ «ሲስተሙ አይፈቅድም» የሚለው ምክንያት ጊዜው አልፎበታል።

◆ አንዲት ልጅ አራት ጊዜ ደወለች

ይህ ምናባዊ ስጋት እንዳልሆነ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ አንድ አሳዛኝ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 2013 ቴክሳስ ውስጥ ማርሻል በምትባል ከተማ፣ አንዲት እናት በሆቴል ክፍል ውስጥ ተለይታው በምትኖር ባሏ ጥቃት ደረሰባት። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጇ እንደ ተማረችው የክፍሉን ስልክ አንስታ 911 ደወለች። አልሠራም። ደግማ ደወለች። አራት ጊዜ ሞከረች። የሆቴሉ ማዞሪያ ወደ ውጭ ለማውጣት መጀመሪያ 9 ይፈልግ ነበር፤ ይህንን ለልጅቱ የነገራት ማንም አልነበረም። እናቷ ሞተች።

የሟቿ አባት ለልጅ ልጃቸው መልስ ፍለጋ ባደረጉት ዘመቻ «የካሪ ሕግ» የሚባለው የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 2018 ተፈረመ። ከየካቲት 16 ቀን 2020 በኋላ የሚመረት፣ የሚሸጥ ወይም የሚተከል ማንኛውም የብዙ መስመር ስልክ ሁለት ነገር እንዲያሟላ አዘዘ። አንደኛ፣ ምንም ቁጥር ሳይቀደም 911 በቀጥታ መደወል እንዲቻል። ሁለተኛ፣ ጥሪው ሲወጣ ለሕንፃው እንግዳ መቀበያ ወይም ለሚመለከተው ኃላፊ ማሳወቂያ እንዲደርስ።

በዚያ ታሪክ ውስጥ የተበላሸ ነገር አለመኖሩን ማስተዋል ያስፈልጋል። ስልኩ ይሠራ ነበር። መስመሩም አልተቋረጠም። ማዞሪያው የታዘዘውን በትክክል ፈጸመ። የጎደለው፣ ሲገጠም ጊዜ «ልጅ ብትደውልስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብቻ ነው።

◆ ማዞሪያው ከቁም ሣጥን ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ

ድሮ የቢሮ ማዞሪያ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወይም እንደ ቁም ሣጥን የሚቆም ዕቃ ነበር። በውስጡ ያለውን የሚያውቀው የሸጠው ኩባንያ ብቻ ነው። አንድ የውስጥ መስመር ለመጨመር ፈቃድ መግዛት፣ አንድ ደንብ ለመለወጥ ቴክኒሻን መጥራት ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ለጀመረው አነስተኛ የሊኑክስ ድጋፍ ድርጅት ማዞሪያ መግዛት አቅሙ አልፈቀደለትም። ስለዚህ በተራ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የራሱን ጻፈ። ስሙንም በስልክ መደወያው ላይ ካለችው የኮከብ ምልክት ወስዶ አስቴሪስክ አለው። ኮዱንም ማንም እንዲወስደው፣ እንዲያየው፣ እንዲለውጠው በነፃ ፈቃድ ለቀቀው።

ዛሬ አስቴሪስክና በላዩ ላይ የተሠራው ባለ ገጹ ፍሪፒቢኤክስ ከትንሽ ክሊኒክ እስከ ትልቅ የጥሪ ማዕከል ድረስ ያገለግላሉ። አንድ መለስተኛ ኮምፒውተር ለሠላሳና ለአርባ ሠራተኛ ይበቃል። በውጭ ምንዛሪ በየመስመሩ የሚከፈል ፈቃድ የለም። ለኢትዮጵያ ድርጅት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ትልቁ ለውጥ ግን ዋጋው አይደለም። ማዞሪያው የሚነበብ ጽሑፍ መሆኑ ነው። «ይህ ቁጥር ሲደወል ይህን አድርግ» የሚሉ መስመሮች ተደርድረው ይቀመጣሉ። የጥሪ እቅድ ይባላል። 907 በቀጥታ እንዲወጣ ለማድረግ የሚያስፈልገው የአንድ ወይም የሁለት መስመር ጽሑፍ ነው። የሚገዛ ዕቃ፣ የሚጠበቅ ፈቃድ የለም። ይህን ያህል ቀላል የሆነ ነገር ሳይደረግ ሲቀር፣ ምክንያቱ አቅም ማጣት ሊሆን አይችልም።

◆ ሳሎንና ጓዳ

ቀላል ነው ማለት ግን እንደ ነገሩ ጽፎ መሄድ ይቻላል ማለት አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ የሚቸኩል ባለሙያ የሚወድቅባቸው የታወቁ ጉድጓዶች አሉ።

አስቴሪስክ ስልኮችን በክፍል በክፍል ያስቀምጣል። ኮንቴክስት ይባላል። እንደ ቤት ማሰብ ይቻላል፦ ሳሎን አለ፣ ጓዳ አለ። ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ሳሎን ይስተናገዳል፤ ጓዳ አይገባም። የሥራ አስኪያጁ ስልክ ካለበት ክፍል ወደ ውጭ አገር የሚያስወጣ በር አለ፤ የመጋዘኑ ስልክ ካለበት ክፍል ግን የለም። አንዱ ክፍል የሌላውን ደንብ «ጨምረህ ተጠቀም» ተብሎ ሊዋስ ይችላል።

ጉድጓዱ ያለው እዚህ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ደንብ ቢስማማ አስቴሪስክ ይበልጥ የተወሰነውን ይመርጣል፤ የመጻፋቸው ቅደም ተከተል ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ «907» የሚለው ደንብ «በ9 የሚጀምር ማንኛውም» የሚለውን ያሸንፋል። ነገር ግን መጀመሪያ የሚታየው ስልኩ ያለበት ክፍል የራሱ ደንብ ነው፤ የተዋሰው የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ባለሙያው የአደጋ ጊዜ ቁጥሮችን በሥርዓት ለብቻ ክፍል አስቀምጦ በውሰት ቢያስገባቸውና «በ9 የሚጀምር ማንኛውም» የሚለው ደንብ በዋናው ክፍል ቢቀር፣ ጥንቃቄው ሁሉ ከንቱ ነው። ሰፊው ደንብ ቀድሞ ይይዘዋል። ፋይሉን የሚያይ ሰው 907 ተጽፎ ስለሚያገኘው «አለ» ብሎ ያልፋል። ስልኩ ግን አይደርስበትም።

በፍሪፒቢኤክስ ላይ የወጪ ጥሪ መንገዶች በገጹ ላይ በተደረደሩበት ቅደም ተከተል ነው የሚታዩት። ሰፊው መንገድ ከላይ፣ የአደጋው ከታች ከሆነ ውጤቱ ያው ነው። መንገዱን «የአደጋ ጊዜ» ብሎ ምልክት የሚያደርጉበት ቦታም አለ፤ ብዙ ጊዜ ሳይነካ የሚቀር።

ሌላው ጉድጓድ ስልኩ ራሱ ነው። የጠረጴዛው የኢንተርኔት ስልክ የራሱ የመደወያ ደንብ አለው። «በ9 ከጀመረ ተጨማሪ ቁጥር ጠብቅ» ተብሎ ከተሞላ፣ ሰርቨሩ የቱንም ያህል ቢስተካከል ስልኩ 907ን ይዞ ሌላ ቁጥር እየጠበቀ ሰከንዶች ይፈጃል። በዚያ ሰዓት ሰከንድ ረጅም ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የሆቴሎች ጉዳይ ነው። የክፍል ቁጥርና የስልክ ቁጥር አንድ ማድረግ ለእንግዳ ይመቻል። ሆቴሉ ዘጠነኛ ፎቅ ካለው ግን 907 የሚባል ክፍል ይኖረዋል። ታማሚው እንግዳ አምቡላንስ ሲጠራ የሚያነሳው በዘጠነኛ ፎቅ የተኛ ሌላ እንግዳ ይሆናል ማለት ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። በኢትዮጵያ መደበኛ የስልክ ቁጥር ሁሉ በ0 ይጀምራል፤ 011ም ይሁን 09 ወይም 07። የውስጥ መስመሮች ከ1 እስከ 7 ባሉት እንዲጀምሩ ቢደረግ፣ በ0 የጀመረ ሁሉ ወደ ውጭ የሚወጣ መሆኑ ራሱ ግልጽ ነው። በ8ና በ9 የሚጀምሩት አጭር ቁጥሮችም ነፃ ሆነው ይቀራሉ። «መጀመሪያ 9ን ይጫኑ» የሚለው ልማድ በሌላ አገር፣ ለሌላ የቁጥር ሥርዓት የተፈጠረ ነው። እዚህ ሲቀዳ ማንም አልጠየቀውም። ሆቴሉም ለዘጠነኛው ፎቅ ክፍሎች አራት አኃዝ ያለው ቁጥር ቢሰጥ ይገላገላል።

◆ የዘበኛው ስልክ

ከቴክኒኩ ወደ ሰው ሲመጣ ደግሞ የባሰ ነገር አለ። በብዙ ድርጅት የጥሪ እቅድ ሲጻፍ አስተዳደሩ ከሚሰጣቸው የመጀመሪያ ትእዛዞች አንዱ «የጥበቃ ክፍሉ ስልክ ወደ ውጭ እንዳይደውል» የሚል ነው። ምክንያቱ ይታወቃል፦ የግል ወሬ፣ የሂሳብ ጭማሪ። ባለሙያውም የጥበቃውን ስልክ ወደ ውስጥ ብቻ በሚደውል ክፍል ያስገባዋል። ሥራው በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ በሕንፃው ውስጥ ማን አለ? ዘበኛው ብቻ። እሳት ቢነሳ የሚያየው እሱ ነው። ሌባ ቢገባ የሚጋፈጠው እሱ ነው። እሱ ራሱ ቢታመም ደግሞ ሌላ የሚደውልለት የለም። የድርጅቱ ሀብት ሙሉ ሌሊት በአደራ የተሰጠው ሰው፣ በድርጅቱ ስልክ 939 መደወል እንዳይችል ተደርጓል። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ያለው ስልክ ወደ የትኛውም አገር ይደውላል፤ ግን በዚያ ሰዓት በሩ ተቆልፏል።

የጽዳት ሠራተኞች ክፍል፣ የመጋዘኑ፣ የሊፍቱ፣ የእንግዳ መጠበቂያው ስልክም እንዲሁ ነው። በጥሪ እቅዱ ውስጥ ዝቅ ተደርጎ የተቀመጠው ስልክ ብዙ ጊዜ ለአደጋ የቀረበው ስልክ ነው። የድርጅቱ የማዕረግ ቅደም ተከተል ሳይታሰብ ወደ ሰርቨሩ ተገልብጧል ማለት ነው።

የይለፍ ቁጥርም አለ። አንዳንድ ቢሮ ለማንኛውም የወጪ ጥሪ ምስጢር ቁጥር ይጠይቃል። 907 የሚደውል ሰው «እባክዎ የይለፍ ቁጥርዎን ያስገቡ» ሲባል መስማት የለበትም። የሌሊት ደንቡ፣ የሂሳብ ገደቡ፣ የይለፍ ቁጥሩ ሁሉ መምጣት ያለባቸው ከአደጋ ጊዜ ቁጥሮቹ በኋላ ነው።

◆ «ግን ሌቦቹስ?»

እዚህ ላይ የአይቲ ባለሙያዎች የሚያነሱት ተገቢ ስጋት አለ። መስመር ሁሉ የሚዘጋው በዘበኛው ክፋት አይደለም፤ በውጭ ሌቦች ምክንያት ነው። ይህ እውነት ነው። በኢንተርኔት ላይ የተዘረጋ ማዞሪያን ቀንና ሌሊት የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች አሉ። የውስጥ መስመር 100ን በይለፍ ቃል 100፣ 101ን በ1234 እየሞከሩ ይዞራሉ። አንዱ ከተከፈተላቸው ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ሌሊት ይጠብቃሉ። ከዚያም ውድ ዋጋ ወደሚያስከፍሉ የውጭ አገር ቁጥሮች በአንዴ ብዙ ጥሪ ያፈሳሉ። ከእያንዳንዱ ደቂቃ ድርሻ ስለሚያገኙ ጥሪው የማንም ወሬ አይደለም፤ ገንዘብ ነው። ሰኞ ጠዋት ድርጅቱ የሚያገኘው ዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025ም የአስተዳደር ገጻቸው ለኢንተርኔት ክፍት በሆኑ የፍሪፒቢኤክስ ሲስተሞች ላይ ጥቃት ደርሶ፣ ባለቤቱ ኩባንያ ሳንጎማ አስቸኳይ ማስጠንቀቂያና ማሻሻያ ለማውጣት ተገዷል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። የሚናቀው ማዞሪያ የትኛው እንደሆነ ይታወቃል፦ የይለፍ ቃሉ ከመስመሩ ቁጥር ጋር አንድ የሆነ፣ የአስተዳደር ገጹ ከየትም የሚከፈት፣ ከተገጠመ ጀምሮ አንድም ማሻሻያ ያልተደረገለት፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ ጥሪ ጓዳ ድረስ የሚገባበት። መድኃኒቱም ይታወቃል። ረጅምና በዘፈቀደ የተመረጠ የይለፍ ቃል፤ ከታወቁ አድራሻዎች ውጪ የሚመጣውን የሚመልስ ፋየርዎል፤ ደጋግሞ የሚስተውን የሚያግድ ፕሮግራም፤ ወደ ውጭ አገር የሚደውሉት የተቆጠሩ ስልኮች ብቻ እንዲሆኑ ማድረግ፤ በአንድ ጊዜ የሚወጡ ጥሪዎችን ብዛት መገደብ።

ከእነዚህ አንዱም ግን 907ን መዝጋት አይጠይቅም። ሌባው ወደ 907 ደውሎ የሚያገኘው አንዳች ገንዘብ የለም። ለዘበኛው ሦስት ቁጥር መክፈት ማለት ለዘበኛው ዓለምን መክፈት ማለት አይደለም። ደህንነት የሚሉት ነገር ከውጭ የሚመጣውን ሌባ ማገድ እንጂ ከውስጥ የሚጮኸውን ሰው ማፈን ከሆነ ትርጉሙ ጠፍቷል።

◆ ጥሪው ከወጣ በኋላ

ጥሪው ወጣ፤ ጣቢያው አነሳ። ሥራው አላለቀም።

አንድ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ ሐዋሳ ነው እንበል። የኢንተርኔት ስልክ ውበቱ ሁለቱን በአንድ ሰርቨር ማገናኘቱ ነው። ሐዋሳ ያለ ሠራተኛ 907 ሲደውል ግን ጥሪው በአዲስ አበባው መስመር ይወጣል፤ የሚያነሳውም የአዲስ አበባ ጣቢያ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የአደጋ ጊዜ ጥሪ በዚያው ከተማ ባለ መስመር እንዲወጣ መደረግ አለበት። ለዚህ አንድ የስልክ መስመርና አንድ ትንሽ መቀበያ መሣሪያ ይበቃል። አሜሪካኖቹ በዚያው በ2018 ባወጡት ሌላ ሕግ፣ ከጥሪው ጋር ሕንፃውን ብቻ ሳይሆን ፎቁንና ክፍሉን ጭምር የሚያሳይ አድራሻ እንዲላክ እስከ ማዘዝ ደርሰዋል።

እኛ አገር አምቡላንስ አድራሻ የሚያገኘው በሰው ነው። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከነዳጅ ማደያው ከፍ ብሎ» እየተባለ። ሾፌሩ መንገድ ሲጠፋበት ተመልሶ ይደውላል። የሚደውለው ግን በጠረጴዛው ስልክ ላይ አይደለም፤ ጥሪው የወጣው በድርጅቱ ዋና ቁጥር ነው። ስለዚህ የሚያነሳው ማዞሪያው ነው፦ «እንኳን ደህና መጡ፤ ለአማርኛ 1ን ይጫኑ፣ ለእንግሊዝኛ 2ን ይጫኑ።» ከሥራ ሰዓት ውጪ ከሆነ ደግሞ «የሥራ ሰዓታችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው» ብሎ ይዘጋበታል።

ይህም በጥቂት መስመር ይስተካከላል። የአደጋ ጊዜ ጥሪ ሲወጣ ሰርቨሩ ሰዓቱንና የደወለውን ስልክ ይመዝግብ። ከዚያ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ሁሉ ምናሌውን ዘሎ በቀጥታ እንግዳ መቀበያው፣ ጥበቃውና የደወለው ስልክ ጋር በአንድ ላይ ይጥራ። ጥሪው በወጣበት ቅጽበትም ለጥበቃው «ከሦስተኛ ፎቅ 907 ተደውሏል» የሚል መልእክት ይድረሰው። ያኔ አንዱ በሩን ይከፍታል፣ ሌላው ወደ አስፋልቱ ወጥቶ አምቡላንሱን ይቀበላል። ይህ ሁሉ በነፃው ሶፍትዌር ይቻላል።

የሰዓት ነገርም አለ። ሰርቨሩ በውጭ አገር በኪራይ የተቀመጠ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። «ጠዋት 2፡30 ክፈት» የተባለ ቢሮ በሰርቨሩ ዓይን የሚከፈተው 5፡30 ላይ ይሆናል። እንቁጣጣሽ በፈረንጅ አቆጣጠር አንዳንድ ዓመት መስከረም 11፣ አንዳንድ ዓመት 12 ላይ ይውላል፤ ፋሲካና ኢዶቹ ጭራሽ ቀናቸው ይቀያየራል። አንድ ጊዜ ተጽፎ የተረሳ የበዓል ሰሌዳ በሥራ ቀን ቢሮውን ይዘጋል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ባዶ ቢሮ ውስጥ ስልክ ያስጮሃል።

◆ የሚነሱ መከራከሪያዎች

«ሁሉም ሰው ሞባይል አለው፤ የቢሮ ስልክ ለምን ያስጨንቃል?» የሚል አለ። ሞባይል ያለው ሰው ሁልጊዜ ባትሪ የለውም። በምድር ቤት መጋዘን ኔትወርክ አይይዝም። ሆቴል ያረፈ እንግዳ የአገሩን ሲም አውልቆ ሊሆን ይችላል። ሕፃን ልጅ የወላጁን ሞባይል መክፈቻ አያውቅም። ከሁሉ በላይ ግን፣ ድርጅቱ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ «ይህ ስልክ ነው» ብሎ ቃል እንደ መግባት ነው። ሰው በጭንቅ ጊዜ ያገኘውን ስልክ ያነሳል።

ሁለተኛው መከራከሪያ መራራ ነው፦ «ቢደወልስ አምቡላንሱ በሰዓቱ ይመጣል ወይ?» ብዙ ሰው ጠብቆ የቀረበት ጊዜ አለና ጥያቄው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የውጭው ድክመት ከውስጥ ሌላ ግንብ ለመጨመር ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም የጥሪ እቅዱ ለዚህ ይረዳል። 907 በተወሰነ ሰከንድ ካልተነሳ ድርጅቱ ውል ወደ ገባበት የግል አምቡላንስ፣ ወይም ተረኛ ወደ ሆነው የሕክምና ባለሙያ እንዲሻገር ማድረግ ይቻላል። ሞባይል ይህን አያደርግም።

ሦስተኛው ስለ መብራት ነው፤ ይህ እንኳ መከራከሪያ ሳይሆን እውነት ነው። የድሮው ስልክ ኃይሉን ከመስመሩ ያገኝ ስለነበር መብራት ሲጠፋም ይሠራል። የኢንተርኔቱ ስልክ ሰርቨሩ፣ ስዊቹ፣ ራውተሩና ስልኩ ራሱ ኃይል ይፈልጋሉ። ሰርቨሩ ላይ ዩፒኤስ ገጥሞ ስዊቹን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። ሰርቨሩ ሕያው ሆኖ ስልኮቹ ሁሉ ይሞታሉ። ስዊቹ በኔትወርክ ገመዱ ኃይል የሚልክ ዓይነት ሆኖ ዩፒኤስ ላይ ቢታሰር ስልኮቹም ይተርፋሉ። ጥበቃ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ አንድ ተራ ስልክ በቀጥታ ከቴሌኮሙ መስመር ጋር ታስሮ ቢቀመጥ፣ ሌላው ሁሉ ሲወድቅ እሱ ይቀራል።

◆ ማን ይጠየቅ?

ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በአይቲ ባለሙያው ላይ ነው። ፍትሐዊ አይደለም። ድርጅቱ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ሰጠው። በዝርዝሩ ላይ የስልኩ ብዛት፣ የሰርቨሩ ዓይነት፣ የገመዱ ሜትር ተጽፏል። «የአደጋ ጊዜ ቁጥሮች ከማንኛውም ስልክ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ያለ ቅድመ ቁጥር መውጣት አለባቸው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ግን የለም። ባለሙያው ያልተጠየቀውን አልሠራም። ርክክቡ ላይ ኃላፊው ከአንድ ስልክ ወደ ራሱ ሞባይል ደውሎ ድምፅ ሲሰማ «ይሠራል» ብሎ ፈረመ።

ባለሙያውም ግን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ግንበኛ ባለቤቱ ስላልጠየቀው ብቻ መሠረቱን አሳንሶ አይቆፍርም። የስልክ ማዞሪያ የሚገጥም ሰውም ያልተጠየቀውን መጠየቅ ሙያው ያስገድደዋል። ከዚያም የጻፈውን በወረቀት አትሞ፣ በአማርኛ አስረድቶ፣ የይለፍ ቃሎቹን አሽጎ ለድርጅቱ ማስረከብ አለበት። ገጣሚው ሥራ ሲቀይር ወይም አገር ሲለቅ የስልኩ ምስጢር አብሮት የሚሄድ ከሆነ፣ ድርጅቱ ነፃ ሶፍትዌር አገኘ አይባልም። የኩባንያ ጥገኛ መሆኑን ትቶ የአንድ ሰው ጥገኛ ሆነ እንጂ።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ሊሠራው የሚገባ ድርሻ አለ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ማን በምን መንገድ ጥሪ ማሳለፍ እንደማይፈቀድለት በከባድ ቅጣት ደንግጓል። የተከለከለውን መዘርዘር አንድ ነገር ነው። የቢሮ፣ የሆቴልና የሆስፒታል ስልክ ግዴታ ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ መመሪያ ማስቀመጥ ደግሞ ሌላ ነው። «907፣ 939 እና 991 ከማንኛውም ባለ ብዙ መስመር ስልክ በቀጥታ ይደወሉ» የሚል ደንብ ለማውጣት የውጭ ብድርም ሆነ አማካሪ አያስፈልግም። አሜሪካ ለዚህ የደረሰችው እናቷን ያጣች ልጅ ካየች በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ሳይሞት ማውጣት ይቻላል።

መመሪያው እስኪመጣ ድረስ ግን ማንም ኃላፊ ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። የአይቲ ባለሙያውን ጠርቶ «ከጥበቃ ክፍሉ ስልክ 907 ቢደወል በየት በኩል ይወጣል? አሳየኝ» ይበለው። አስቴሪስክ ላይ በአንድ ትእዛዝ፣ ጣቢያውን ሳያስቸግሩ፣ ቁጥሩ በየትኛው ደንብ እንደሚያዝ ስክሪኑ ላይ ማየት ይቻላል። ከዚያ በእንግዳ መቀበያው፣ በመጋዘኑና በሊፍቱ ስልክ ይድገመው። ቅርንጫፍ ካለ በቅርንጫፉም እንዲሁ። ሁሉም ሲስተካከል ጭር ባለ ሰዓት አንድ እውነተኛ ጥሪ አድርጎ፣ ሙከራ መሆኑን ተናግሮ፣ አመስግኖ መዝጋት ነው። ከዚያም ቀኑንና የሞከረውን ሰው ስም መዝገብ ላይ ጽፎ፣ ስልኩ በተነካ ቁጥርና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ሥራው ከግማሽ ቀን አይበልጥም።